«አሸነፍን» እና «ተሸነፉ»፦ የዋሽንግተንና የዳላስ ደጋፊዎች ለምን እንዲያ ይሆናሉ?

የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታው ሊያልቅ 21 ሰከንድ ቀርቶታል። ቀኑ እሑድ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ባለው ስታዲየም ዋሽንግተን ኮማንደርስ በእንግዳው ዳላስ ካውቦይስ 27 ለ 20 እየተመራ ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወተው ጄይደን ዳንኤልስ ኳሱን ወረወረ፤ ቴሪ ማክሎሪን ቀለበው፣ በተከላካዮቹ መሃል ሾለከ፣ መስመሩንም አለፈ። የ86 ያርድ (79 ሜትር ገደማ) ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ፤ 6 ነጥብ! 27 ለ 26። አሁን የቀረችው አንዲት ምት ናት፤ ብዙ ጊዜ የማትሳት፣ የአንድ ነጥብ ምት። እሷ ከገባች እኩል ለእኩል ናቸው።

እኔ ጨዋታውን የማየው ጎረቤቴ ቤት ነበር። ሰውዬው ሰባውን ያለፉ፣ ዲሲ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ጡረተኛ ናቸው። የለበሱት ግን የዳላስ ኮከብ ያለበትን ሹራብ ነው። ከጎናቸው የተቀመጠው ልጃቸው ደግሞ ከኮፍያው እስከ ካልሲው ዋሽንግተን ነው። ምቷ ሳተች። ልጅየው አልጮኸም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ውስጡን አየው፣ መልሶ አጠለቀው፣ እንደገና አወለቀው። አባትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ዝም ብለዋል፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሳቃቸውን አፍነው ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ኳሱን መልሶ ለመንጠቅ አጠር ያለች ምት መታ፤ የዳላሱ ጁዋንዬ ቶማስ አነሳትና ይዟት ሮጦ አስቆጠረ። 34 ለ 26። ያን ጊዜ አባትየው ብድግ አሉ። ልጃቸው በሩን ከፍቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው በዚያ ብርድ ጃኬት ሳይደርብ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ይህን ፊት እናውቀዋለን። እሑድ ማታ ታክሲያችን ውስጥ ይገባል፣ ሰኞ ጠዋት ቡና ሊገዛ ይሰለፋል፣ መሥሪያ ቤት ከጎናችን ይቀመጣል። ብዙዎቻችን «በአንድ ኳስ እንዲህ መሆን ምንድነው?» ብለን እናልፈዋለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ነገሩን እየቆየሁ ስረዳው ግን ያ ሰው ያዘነው በአንዲት ምት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከጀርባዋ የጨዋታው ሕግ አለ፣ የከተማዋ የዘር ታሪክ አለ፣ የአባትና የልጅ ነገር አለ።

ከሕጉ እንጀምር፤ የደጋፊው ስሜት የሚቀዳው ከእሱ ነውና። በእኛው እግር ኳስ ኳሷ አትቆምም፤ ደጋፊውም አብሯት ይፈስሳል። የአሜሪካ ፉትቦል ግን በቁርጥራጭ የተሠራ ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከገፋ ሌላ አራት ያገኛል፣ ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ያልፋል። አንዷ ሙከራ የምትፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ሁሉም ይቆማል፣ ይመካከራል፣ ይሰለፋል፤ ለሚቀጥለው ሙከራ 40 ሰከንድ ይቆጠራል። በሰዓቱ 60 ደቂቃ የሆነው ጨዋታ በተግባር ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ኳሱ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቢደመር 11 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው መጠበቅ ነው። ደጋፊውን የሚያቃጥለውም ይኸው መጠበቅ ነው፤ በእያንዳንዷ ፋታ ተስፋውንና ፍርሃቱን እያገላበጠ፣ ጥፍሩን እየበላ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እየተከራከረ ይቆያል።

ለእኛ ሰው ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር ጩኸቱ ነው። የባለሜዳው ደጋፊ የሚጮኸው የራሱ ቡድን ሲከላከል ነው፤ የራሱ ቡድን ሲያጠቃ ጸጥ ይላል። የሚዘናጋ እንኳ ቢኖር ከኋላው «ዝም በል!» ይባላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአጥቂው መሪ፣ ኳርተርባኩ፣ ትእዛዝ የሚሰጠውና ኳሷ የምትነሳበትን ቅጽበት የሚያሳውቀው በድምፁ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲጮህ ጓደኞቹ አይሰሙትም፤ አንዱ ቀድሞ ከተንቀሳቀሰ ቡድኑ 5 ያርድ ወደኋላ ይቀጣል። እናም ደጋፊው «5 ያርድ እኔ አስገኘሁ» ቢል እውነቱን ነው። ጉሮሮው በውጤቱ ውስጥ ድርሻ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሸነፍ የተመልካች ሐዘን አይደለም የሚያዝነው።

በዚያ ላይ ጨዋታው ጥቂት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቡድን በዓመት 38 ጊዜ ይጫወታል፤ የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ቡድን ግን 17 ጊዜ ብቻ። ሳምንቱን ሙሉ ተጠብቆ አንድ ቀን ነው። በአንድ ምድብ ያሉ አራት ቡድኖች ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ። ዋሽንግተንና ዳላስ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር «ምሥራቅ» በተባለው ምድብ ውስጥ ናቸው። ካርታ ላይ ዳላስን ለፈለገ ይህ ያስገርማል፤ ቴክሳስ ከመቼ ወዲህ ምሥራቅ ሆነ? ሊጉ በ2002 ምድቦቹን እንደገና ሲያደላድል እንኳ ዳላስን ከዚያ አላወጣውም። ጠቡ ውድ ነው፤ ማንም ሊያፈርሰው አልፈለገም።

ጠቡ የጀመረው ደግሞ ዳላስ የሚባል ቡድን ከመኖሩ በፊት ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የዋሽንግተን ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ነበር። ቡድኑ በሊጉ ውስጥ የደቡቡ ጫፍ ነበርና የደቡብ ክፍለ ሀገራትን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ገበያ ብቻውን ይዞታል። ክሊንት መርቺሰን የተባለ የቴክሳስ ባለሀብት ዳላስ ላይ አዲስ ቡድን ልክፈት ሲል ማርሻል «አይሆንም» አለ፤ ያለ እሱ ድምፅ ደግሞ ነገሩ አይሄድም። ታዲያ ማርሻል በጣም የሚወደው የቡድኑ መዝሙር ነበረው፤ ግጥሙን የጻፈችው ሚስቱ ናት። የዜማው ደራሲ ከማርሻል ጋር ተቀያይሞ ነበርና የመርቺሰን ሰዎች ሄደው የመዝሙሩን መብት ገዙት። ማርሻል የገዛ መዝሙሩን በሜዳው ማስዘፈን ሊከለከል ሆነ። መዝሙሩ ተመለሰለት፤ እሱም ድምፁን ሰጠ። ዳላስ በ1960 ወደ ሊጉ ገባ። አንድም ሳያሸንፍ 11 ጊዜ ተሸንፎ፣ አንዴ እኩል ወጥቶ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨረሰ። የዋሽንግተን ደጋፊ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያን ቡድን አፈር አድርጎ ሊያየው ወስኗል።

ይህ የሚያስቀው ወገን ነው። የሚያመው ወገን ግን ከዚሁ መዝሙር አጠገብ አለ። የመዝሙሩ የመጨረሻ ስንኝ ያኔ የሚያወድሰው ዲሲን አልነበረም፤ የባርነት ሥርዓት የነበረበትን የድሮውን ደቡብ ነበር፤ ኋላ ነው ስሙ በዲሲ የተተካው። ማርሻልም ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ጥቁር ተጫዋች ሲያሰልፉ እሱ አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። ያውም ከሕዝቧ እኩሌታ በላይ ጥቁር በሆነባት ከተማ ውስጥ። በ1961 አዲሱ ስታዲየም ሲከፈት ተቃዋሚዎች መፈክር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለነበር የኬኔዲ መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል «ወይ ጥቁር ታስገባለህ፣ ወይ ሜዳውን ታጣለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በ1962 ቦቢ ሚቸል ከክሊቭላንድ መጣ። ዋሽንግተን ከሊጉ ሁሉ ይህን በማድረግ የመጨረሻው ቡድን ሆነ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። አባታቸው በዚያ ዘመን ቤታቸው ውስጥ የዋሽንግተን ስም እንዳይጠራ ከለከሉ። «እኛን ለማይፈልግ ቡድን አናጨበጭብም» አሏቸው። የዲሲ ብዙ ጥቁር ቤተሰብ እንዲህ አድርጓል፤ ዛሬም በዋሽንግተን ሜዳ የዳላስ ማሊያ ያን ያህል የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዳላስ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩት። በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ የእኛው አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን ማራቶን ባሸነፈበት፣ 100 ሜትሩን የወሰደው ቦብ ሄይስ በዓመቱ የዳላስ ኮከብ ሆነ። የዳላስ ከተማ ራሷ ከመድልዎ የጸዳች አልነበረችም፤ ይህን ጎረቤቴም አይክዱም። ለአንድ የዲሲ ሕፃን ግን በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚሮጠው የእሱን የሚመስል ሰው ዳላስን ለብሶ ነበር፤ ያ በቂ ነበር።

ቴሌቪዥኑም ረድቷል። ከ1966 ጀምሮ ዳላስ፣ ከ1975 እና ከ1977 በቀር፣ በየዓመቱ በምስጋና ቀን ይጫወታል፤ ቤተሰብ ሁሉ ቱርኪውን በልቶ ሶፋ ላይ በተዘረረበት ሰዓት። በ1970ዎቹ መጨረሻ «የአሜሪካ ቡድን» የሚል ቅጽል ወጣለት። ይህ ቅጽል የዋሽንግተንን ደጋፊ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ዋና ከተማዋ እዚህ፣ ባንዲራው እዚህ፣ «የአሜሪካ ቡድን» ቴክሳስ!

ልጅየውስ ለምን ከአባቱ ተለየ? ስጠይቀው መልሱ አንድ ስም ነበር፦ ዳግ ዊልያምስ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ዋሽንግተን ዴንቨርን 42 ለ 10 አሸንፎ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲወስድ ኳርተርባኩ ዊልያምስ ነበር፤ በሱፐር ቦውል ጨዋታውን ጀምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ። ልጅየው ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ጥቁር ተጫዋች በማስገባት የመጨረሻ የነበረው ቡድን በዚህ የመጀመሪያ ሆነ። አባት በማርሻል ምክንያት ዳላስ ሆኑ፤ ልጅ በዊልያምስ ምክንያት ዋሽንግተን ሆነ። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል፤ ማናቸውንም «ተሳስተሃል» የምልበት አፍ የለኝም።

በመሃል የተካሄዱትን ግጥሚያዎች ደጋፊዎቹ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይደግሟቸዋል። ዲሴምበር 31 ቀን 1972 ዋሽንግተን ዳላስን 26 ለ 3 ቀጥቶ ሱፐር ቦውል ገባ። በ1974ቱ የምስጋና ቀን የዳላሱ ሮጀር ስታውባክ ተጎድቶ ወጣና ክሊንት ሎንግሊ የሚባል ስሙ ያልተሰማ ተቀያሪ ገባ፤ 28 ሰከንድ ሲቀር 50 ያርድ የሄደች ኳስ ለድሩ ፒርሰን ወርውሮ 24 ለ 23 አሸነፈ። የዚያን ዘመን የዋሽንግተን ሰው ፊት «ሎንግሊ» ብላችሁ ብታነሱ ምግቡን ይተዋል።

1979 ደግሞ የደጋፊ ነገር ምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። ከጨዋታው በፊት ለዳላሱ ተከላካይ ሃርቪ ማርቲን የቀብር አበባ ጉንጉን ተላከለት፤ ከዋሽንግተን ወገን የመጣ ነው ተባለ። የሞት መልእክት ነው፤ በእኛ አገር ብሽሽቅ እዚህ ድረስ ቢሄድ ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ማርቲን ጉንጉኑን አልጣለም። ዲሴምበር 16 ዋሽንግተን 34 ለ 21 ሲመራ ቆይቶ፣ 39 ሰከንድ ሲቀር ዳላስ በቶኒ ሂል ተችዳውን 35 ለ 34 ገለበጠው። ዋሽንግተን በዚህ ሽንፈት ከጥሎ ማለፉ ወጣ። ማርቲን ጉንጉኑን ይዞ ሄዶ የዋሽንግተን መልበሻ ክፍል ውስጥ ወረወረው።

የዋሽንግተን ሰው ግን አንድ ቀን አለው፤ ያን ቀን ማንም አይወስድበትም። ጃንዋሪ 1983። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ዋሽንግተን ሚኒሶታን እያሸነፈ ሳለ ሕዝቡ ገና ጨዋታው ሳያልቅ «ዳላስን እንፈልጋለን!» እያለ ማዜም ጀመረ። ሳምንቱን በሙሉ ከተማው ይህንኑ ሲል ሰነበተ። ጃንዋሪ 22 ዳላስ መጣ። የያኔው የዋሽንግተን ሜዳ፣ የአርኤፍኬ ስታዲየም፣ የታችኛው መቀመጫ ክፍል ለቤዝቦል ተብሎ የሚንቀሳቀስ ሆኖ የተሠራ ብረት ነበርና፣ ሰዉ አንድ ላይ ሲዘል መቀመጫው ራሱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ጆን ሪጊንስ 140 ያርድ ሮጠ፤ ዴክስተር ማንሊ የነካካትን ኳስ ዳሪል ግራንት ቀልቦ አስገባት፤ 31 ለ 17። ጎረቤቴ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ። «ሕንፃው ውስጥ ሆኜ ከውጭ የሚጮኸውን ስሰማ ማን እንዳሸነፈ ጠፍቶኝ አልነበረም» ይላሉ፤ ከ40 ዓመት በኋላም ሲሉት ፊታቸው ይቋጠራል።

ሳይንሱ ስለዚህ ምን ይላል? ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የቡድኑን ልብስ በብዛት ለብሰው እንደሚመጡ አሳየ። ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደግሞ ሲያሸንፉ «እኛ» ይላሉ፤ ሲሸነፉ «እነሱ» ማለት ይቀናቸዋል። አማርኛ ይህን ከማንም በላይ ያጋልጣል፤ ተውላጠ ስሙ ግሡ ጫፍ ላይ ተለጥፏልና መደበቂያ የለም። «አሸነፍን» ካለ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት «ተሸነፉ» የሚል ሰው ስንት አለ? የሳንጆርጅና የቡናን ደርቢ ያየ ሰው ያውቀዋል። በባላጋራ ጨዋታ ግን ይህች መሸሻ አትሠራም። ሰኞ ጠዋት የሚጠብቅህ ሰው «እነሱ ተሸነፉ» ብትለው «አንተ ነህ የተሸነፍከው» ይልሃል። ለዚህ ነው የዳላስ ቀን ሽንፈት ከሌላው ሽንፈት የሚለየው፤ ባላጋራው ሩቅ ቴክሳስ ሳይሆን ከጎንህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ምናልባትም አባትህ ነው።

ቀልድ ያልሆነውንም መናገር አለብኝ። ዴቪድ ካርድና ጎርደን ዳል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኤንኤፍኤል ውጤቶችን ከፖሊስ መዝገብ ጋር አስተያይተው በ2011 አሳተሙ። ያገኙት ይህ ነው፦ ያሸንፋል የተባለ የአካባቢው ቡድን ሳይታሰብ ሲሸነፍ፣ ወንዶች በሚስቶቻቸውና በፍቅረኞቻቸው ላይ ቤት ውስጥ የሚያደርሱት ጥቃት በ10 በመቶ ይጨምራል። ከነባር ባላጋራ ጋር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ይጠበቅ የነበረ ሽንፈት እንዲህ አያደርግም፤ ያልታሰበ ድልም ጥቃቱን አይቀንስም። የሚያቃጥለው ሽንፈቱ ሳይሆን የተቀጠፈው ተስፋ ነው። በዚያ የኖቬምበር እሑድ ዋሽንግተን 7 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ነበር የገባው፤ ዳላስ 3 አሸንፎ 7 ተሸንፎ፣ ያውም ዋና ኳርተርባኩ ተጎድቶ። ጥናቱ የሚለው ዓይነት ቀን ማለት እንግዲህ ይህ ነው። «ኳስ ነው፣ ያልፋል» የምንለው ነገር በአንዳንድ ቤት በር ዘግቶ የሚገባው በሴት ላይ ነው። ልጅየው መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ እኔ አላዘንኩበትም፤ ንዴቱን ይዞ ከሰው ራቅ ማለቱን ያወቀ ሰው ነው ብዬ አከበርኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። አባትየው እራት አቅርበው ጠበቁት፤ ስለ ጨዋታው አንድ ቃል አልተነፈሱም። በኋላ ሲነግሩኝ ይህ በቤታቸው ሕግ ነው፤ ያሸነፈ ሰው የተሸነፈው ራሱ አፉን እስኪከፍት ዝም ይላል። ብሽሽቁ የሚጀምረው ማግስቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ምሕረት የለም። ሰኞ ጠዋት ልጁ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲወጣ መኪናው መስታወት ላይ የዳላስ ኮከብ ተለጥፎ አገኘ። አላነሳውም። «ጃንዋሪ ይመጣል» አለኝ ባጥር በኩል።

ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 መጣ። ጨዋታው ቴክሳስ ነው። ዳንኤልስ በዕረፍት ሰዓት ወጥቶ ማርከስ ማሪዮታ ገብቷል፤ ዳላስ 19 ለ 16 እየመራ ነው። እንደገና ያው ሶፋ፣ እንደገና እኔ በመሃላቸው። ሦስት ሰከንድ ሲቀር ማሪዮታ ወረወረ፣ ማክሎሪን ቀለበ። 23 ለ 19። አባትየው ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን ዘጉት። ልጃቸው ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄዶ መልሶ ከፈተው።